ለአንድ ፍሬን ሸራ አራት ወረቀት

ስልኩ የተደወለው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጡ ደንበኛዬ ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ አብዷል! አንድ ካርቶን ፍሬን ሸራ ሸጥኩ፣ ለመጋዘን አራት ወረቀት አወጣ።» መጋዘን ያለው ልጅ ደግሞ ታዛዥ ነው። በወረቀቱ ልክ አራት ካርቶን አሸክሞ ልኳል። ክምችቱ ግን የቀነሰው አንድ ብቻ።

የሽያጭ ፕሮግራማቸውን ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሽያጭ ሲያልቅ ለተመዘገቡት ሊስነሮች ሁሉ ይነገራል፤ ሊስነር ማለት አንድ ነገር ሲሆን ንገሩኝ ብሎ የሚጠብቅ የፕሮግራሙ ክፍል ነው። አንዱ ክምችት ይቀንሳል፣ አንዱ የመጋዘን ወረቀት ያትማል። የሽያጩ ክላስ፣ ማለትም ሽያጩን የሚሠራው የኮድ ክፍል፣ ማን እንደሚሰማው አያውቅም። ልክ እንደ እድር ጥሩምባ ነፊ ነው። እገሌ አረፈ ብሎ ያልፋል እንጂ አንተ ድንኳን ትከል፣ አንቺ ንፍሮ ቀቅዪ አይልም።

ታዲያ ክምችት ቀናሹ ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዴ ብቻ ይመዘገባል። ወረቀት አታሚውን ግን የሽያጩ መስኮት ውስጥ ከትቼዋለሁ። መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ይመዘገባል፣ ሲዘጋ የሚሰርዘው የለም። ሰውዬው የዛን ቀን አራቴ ከፍተዋል። የተዘጉት መስኮቶች ከዓይን ጠፉ እንጂ የሊስነሮቹ ዝርዝር ስለያዛቸው ጃቫም ከሜሞሪ አያነሳቸውም። ሰፈር ለቆ ስሙ ከእድር መዝገብ ያልወጣ ሰው ማለት ነው።

ቀላል ነው ብዬ መስኮቱ ሲዘጋ ሊስነሩን የሚሰርዝ መስመር ጨመርኩ። ምንም አልተለወጠም! ስመዘግብ አንድ ላምዳ (ስም የሌላት አጭር የኮድ ቁራጭ) ሰጥቻለሁ፣ ስሰርዝ ያንኑ ላምዳ ደግሜ ጽፌያለሁ። ለእኔ ዓይን አንድ ናቸው፤ ለጃቫ ግን ሁለት የተለያዩ ኦብጀክቶች። ዝርዝሩ የማያውቀውን ሰርዝ ተባለ፣ ዝም ብሎ አለፈ። ስህተት እንኳን አላሳየኝም፣ ይሄ ነው ያናደደኝ። ላምዳውን ፊልድ በሚባለው የክላሱ ማስቀመጫ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ስመዘግብም ስሰርዝም ያንኑ ሰጠሁ፣ ሠራ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ መጣ። አንዱ ሊስነር መልእክቱ እንደደረሰው ራሱን ይሰርዛል። ዝርዝሩ እየተዞረ ሳለ ስለተነካ ፕሮግራሙ ኮንከረንት ሞዲፊኬሽን ኤክሴፕሽን ብሎ ተንጨረጨረ። ሊስነሮቹን የያዘው ዝርዝር አሬይሊስት የሚባለው ዓይነት ነበር፤ በኮፒኦንራይት አሬይሊስት ቀየርኩት። ይሄኛው ለውጥ በመጣ ቁጥር ዝርዝሩን አዲስ ስለሚገለብጥ፣ እየዞረ ያለው በድሮው ይቀጥላል።

ከዚያ ወዲህ ሊስነር ስነድፍ መጀመሪያ የማስበው መውጫውን ነው። «መዝግብ» የሚለው ሜተድ (በስሙ ሲጠራ ሥራውን የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) አሁን ባዶ እጅ አይመልስም። «ዝጋ» የምትል አንዲት ሜተድ ያላት ትንሽ ኦብጀክት ይሰጣል። የመዘገበ ሰው ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፣ የትኛው ላምዳ ነበር እያለ አይፈልግም።

ስሙንም ለወጥኩት። ድሮ የኢንተርፌሱ (ሊስነር ሁሉ ሊኖሩት የሚገቡትን ሜተዶች የሚዘረዝረው ውል) ሜተድ «ወረቀት አትም» ነበር የሚባለው። ክምችት የሚቀንስም «ወረቀት አትም» ብሎ ይጽፋል፣ አይ እኔ! አሁን «ተሸጠ» ነው። ያለቀ ነገር ነው፣ ማንም አይመልሰውም። የዱቤ ጣሪያ ያለፈ ደንበኛን መከልከል ካስፈለገ ሌላ ኢንተርፌስ አለ፣ «ሊሸጥ ነው» የሚል፤ እሱ እምቢ ማለት ይችላል። የጃቫ ክፍሎች አሠራር ደንብ የሆነው ጃቫ ቢንስም ቬቶኤብል ቼንጅ ሊስነር ብሎ ይሄንኑ ለይቶታል። ሁለቱን አንድ ላይ አልጨፈለቅኳቸውም። የጃቫው ማውስ ሊስነር አምስት ሜተድ አለው፤ ክሊክ ብቻ ለፈለገ ሰው አራት ባዶ ሜተድ ያስጽፋል። ማውስ አዳፕተር የሚባለው ክላስ ለዚሁ ሲባል ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 በኋላ ደግሞ ባለ አንድ ሜተድ ኢንተርፌስ በላምዳ ይጻፋል፣ ለምን አበዛለሁ?

ሦስቱ ካርቶኖች በማግስቱ ወደ መጋዘን ተመለሱ። ጋሼ ግን እስካሁን የሽያጩን መስኮት አይዘጉም። ተስተካክሏል ብላቸውም «ይቅር፣ ክፍት ይደር» ይላሉ።