ኅዳር 20 እና ግራጫው ሹራብ

እማዬ «ምን ለብሰሽ ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ማክሰኞ ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም. እኔና እጮኛዬ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ኮርት (ፍርድ ቤት) ሄደን ፈረምን። እዚህ ያለው አበሻ እንዲህ ነው የሚለው። «ተጋቡ» አይልም፣ «ኮርት ፈረሙ» ነው። እኔም ለወራት እንደዚያው ስል ነበር። በቤተ ክርስቲያን የተጋባነው ጥር 19 ቀን 2016 አዲስ አበባ ነው። መሀል ላይ 14 ወር አለ። ስለዚያ 14 ወር ልጽፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

የፈረምነው ለጤና ኢንሹራንስ ብለን ነው። መደበቅ አልፈልግም። የምሠራበት ዴይኬር (የሕፃናት ማቆያ) ጥቅምት ላይ ተዘጋ፣ ኢንሹራንሴም አብሮ ሄደ። እኔ ደግሞ አስም አለብኝ፣ ብርድ ሲገባ ይብስብኛል። አንድ ቀን ማታ ፋርማሲ ሄጄ የምነፋውን መድኃኒት ያለ ኢንሹራንስ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩና ሳልገዛ ወጣሁ። እሱ መኪና ውስጥ ሆኖ እየጠበቀኝ ነበር። ባዶ እጄን አየና ምንም አላለም። ቤት አድርሶኝ ከሄደ በኋላ ግን ደወለ። «መሥሪያ ቤት ጠይቄያለሁ» አለኝ። «ከኔ ኢንሹራንስ የምትገቢው ሚስቴ ከሆንሽ ነው። ለመመዝገብ ከተጋባን ቀን ጀምሮ 30 ቀን ይሰጡናል።»

እቅዳችን ሌላ ነበር። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል፣ አጎቴ ቤት። አባቴ በሕይወት ስለሌለ ሽማግሌ የሚቀበለው እሱ ነው። ከዚያ ገንዘብ አጠራቅመን ጥር ላይ አዲስ አበባ ሄደን በተክሊል እንጋባለን። ይኸው ነበር እቅዱ። እማዬ ለቪዛ ሁለት ጊዜ ቀርባ ሁለቴም ስለከለከሏት እሷ ትምጣ የሚለውን ሐሳብ ትተነዋል። እንግዲህ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ጥር ሳይደርስ፣ ፋርማሲ በር ላይ ሁሉም ነገር ተቀያየረ።

የጠየቅናቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ነው የሰጡን። «ወረቀት ነው እኮ፣ ምን ያስጨንቃችኋል።» እኔም ይህን ቃል ያዝኩት። ወረቀት ነው ካልኩ ለእማዬ መንገር አይኖርብኝም። ወረቀት ነው ካልኩ በጾም መሆኑም አያሳስበኝም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቷል፣ ቀኑ ደግሞ የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነው። እማዬ ጽዮንን እንዴት እንደምትወድ እኔ ነኝ የማውቀው። ቢሆንም እሱ ሥራ የማይገባበት ቀን ያ ነበር።

ከአሌክሳንድሪያ በሰማያዊው ባቡር ሄጄ ሮዝሊን ላይ ቀየርኩና ኮርትሃውስ ወረድኩ። የጣቢያው ስም ራሱ ኮርትሃውስ ነው። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ከረባት አስሯል። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጫማው ተወልውሏል። እኔ በጂንስና በግራጫ ሹራብ ነኝ። የቀኝ እጅጌው ላይ ክር ተመዞ ነበር። ያን ጊዜ በጣም አፈርኩ። እሱ ምንም ሳይለኝ ተዘጋጅቶ መጥቷል። እኔ ወረቀት ልፈርም ነው የመጣሁት።

ቨርጂኒያ ውስጥ የጋብቻ ላይሰንስ (ፈቃድ) የሚወጣው ሁለታችሁም በአካል ስትቀርቡ ነው። 30 ዶላር ከፈልን፣ መታወቂያ አሳየን፣ ቀኝ እጃችንን አንሥተን የሞላነው እውነት ነው ብለን ማልን። መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ቀን መጋባት ይቻላል። ካልተጋባችሁ ላይሰንሱ 60 ቀን ይቆያል። ምስክርም አይጠይቁም። ጓደኛዬ ግን ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። «ማንም ባይጠይቅም እኔ እቆማለሁ» አለች። ይህን ውለታዋን እስክሞት አልረሳውም።

ያጋቡን ዳኛ አልነበሩም። ፍርድ ቤቱ ሰው እንዲያጋቡ የፈቀደላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ነጭ ፀጉር፣ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ መነጽር። ከመጀመራቸው በፊት ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አበላሹት። «ይቅርታ፣ እንደገና በይልኝ» አሉ። በሦስተኛው በትክክል ጠሩት። ከዚያ እርሳስ አነሡና አነባበቡን በራሳቸው ፊደል ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፉት። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ለስሜ እንዲህ የተጨነቀለት ሰው አላየሁም። ስሜን አሳጥሬ መናገር ለምጄ ነበር።

ቀለበት አላችሁ ወይ አሉን። የለንም። ቀለበቱን ለቤተ ክርስቲያን ነው ያቆየነው። «ችግር የለም፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ» አሉ። እጁ በረዶ ነበር። እኔ ያቺን የተመዘዘች ክር በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ያዝኩት። እሳቸው እያሉ እኛ መድገም ጀመርን። ወረቀት ነው፣ ወረቀት ነው እያልኩ በልቤ እደግም ነበር። ከዚያ «በጤናም በሕመምም» የሚለው ጋ ደረሱ።

እሱ ነው መጀመሪያ የደገመው። ድምፁ ተቆረጠ። ፋርማሲው ትዝ አለው መሰለኝ፣ እኔም ትዝ አለኝ። ለካ የመጣነው ለዚሁ ቃል ነው። ሰው ሁሉ ወረቀት የሚለው ነገር ይኼ ሰው እኔ ስታመም ያለውን ሊያካፍለኝ የገባው ቃል ነው። ተራዬ ሲደርስ እያለቀስኩ ነው የደገምኩት። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ወጥተን ጓደኛዬ አንድ ፎቶ አነሣችን። ምሳ ኮሎምቢያ ፓይክ አንድ አበሻ ቤት ሽሮ በላን፣ ጾም ነው። ከዚያ እሱ ወደ ቤቱ፣ እኔም ወደ ቤቴ ሄድን።

አዎ፣ ወደየቤታችን። ብዙ ሰው ያልገባው ይኼ ነው። በተክሊል ለመጋባት ስለወሰንን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቀን አብረን አልኖርንም። ተክሊል ለደናግል ነው፣ ሌላው በቁርባን ይጋባል፣ ይህን ኦርቶዶክስ የሆነ ሁሉ ያውቃል። በቁርባን ከሚጋባ ሰው እበልጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እኛ ግን ከልጅነታችን የያዝነው ሐሳብ ነበር፣ ለኢንሹራንስ ብለን ልንተወው አልፈለግንም። 14 ወር ለሁለት ቤት ኪራይ ከፈልን። «ፈርማችሁ ለምን ትቸገራላችሁ» ያላለን ሰው የለም። ንስሐ አባታችን ብቻ «በርቱ» አሉን። እውነቱን ለመናገር ከባድ ነበር። ማታ ከሥራ ተመልሼ አብራኝ ከምትኖረው ልጅ ጋር እራት ስበላ፣ ባሌ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ብቻውን እንደሚበላ እያሰብኩ ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር።

በአዲሱ የኢንሹራንስ ካርድ መጀመሪያ ክሊኒክ የሄድኩ ቀን ፎርም ሰጡኝ። ያገባች፣ ያላገባች የሚል ሳጥን አለው። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ካርዱን ያገኘሁት ስላገባሁ ነው። እናቴ ደግሞ ልጄ አላገባችም ብላ ለጎረቤት ታወራለች። ያገባች የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፎርሙን በፍጥነት ገልብጬ መለስኩት፣ የሰረቅኩ ይመስል። ታክስ ስናሠራም እንደዚሁ ነው። እስከ ዲሴምበር 31 ከተጋባችሁ ዓመቱን ሙሉ እንደተጋባችሁ ነው የሚቆጠረው። ለመንግሥት ባልና ሚስት ነን። ለእማዬ እጮኛሞች ነን።

ለእማዬ የነገርኳት ታኅሣሥ 19፣ የገብርኤል ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠብቄ ደወልኩ። አንድ ወር ሊሞላው አንድ ቀን ነበር የቀረው። «እማዬ፣ ፈርመናል» አልኳት።

«ምኑን?»

ነገርኳት። ስለ አስሙም፣ ስለ ኢንሹራንሱም።

«በጾም?» አለች መጀመሪያ። ቀጥላ «ሽማግሌ ሳይላክ?» አለች። ከዚያ ዝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ።

«ምን ለብሰሽ ነበር?»

«ሹራብ።»

«ምን ዓይነት ሹራብ?»

«ግራጫ።»

አለቀሰች። «ነጠላ እንኳን ጣል የሚያደርግልሽ ሰው ጠፋ?» አለች። ስለጾሙና ስለሽማግሌው በአንድ አንድ ቃል ነው ያለፈችው፣ ያስለቀሳት ማንም ሳያለብሰኝ መዳሬ ነው። «ወረቀት ነው እኮ እማዬ» ልላት አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ወረቀት አልነበረማ። ወረቀት ቢሆን ኖሮ አላለቅስም ነበር፣ እሱም ከረባት አያስርም ነበር።

ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎ ሊያረጋጋት ሞከረ። «የኛም የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እኮ የመንግሥቱን፣ የሃይማኖቱንና የባህሉን ጋብቻ እኩል ነው የሚያየው» ሲላት ይሰማኛል። እሷ ግን «እዚህ ቢሆን ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ይቆማል፣ አንተ ትቆምላት ነበር» አለችው። ወንድሜም ዝም አለ።

ሽማግሌ ከፋሲካ በኋላ ተላከ። የሱ ቤተሰብ ሦስት አዛውንት ይዘው አጎቴ ቤት ሄዱ። መፈረማችንን ራሳቸው ናቸው ያነሡት፣ አልሸሸጉም። አጎቴ እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጥቶ መለሳቸው፣ በሁለተኛው ቀጠሮ እሺ አለ። «እሺ» የምትለዋን ቃል ወንድሜ በቪዲዮ አስተላለፈልኝ። እኔ እዚህ ሌሊት ነበር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እልል አልኩ። አብራኝ የምትኖረውን ልጅ ቀሰቀስኳት።

አዲስ አበባ ስንሄድ የቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ያላገባ ማስረጃ ጠየቀን። ከየት እናምጣ? አግብተናል። ከቨርጂኒያ የያዝነውን የጋብቻ ማስረጃና የንስሐ አባታችንን ደብዳቤ አቀረብን። ጸሐፊው ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «እርስ በርሳችሁ ነው አይደል?» አሉ። አዎ አልን። «እሱማ ይበልጣል» ብለው ፋይሉ ውስጥ ከተቱት። ያ የኮርት ወረቀት ለቤተ ክርስቲያን በር መክፈቻ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስለ ጥር 19 ብዙ አልልም። ሠርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሑድ ከንጋቱ በፊት እማዬ ራሷ አለበሰችኝ፣ ማንንም አላስጠጋችም። ቀሚሱን ስታስተካክል እጇ ይንቀጠቀጣል። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ካባውን ደረቡልን፣ ቅብዐ ቅዱሱ ግንባሬ ላይ ሲነካ ቀዘቀዘኝ፣ አክሊሉ ከጠበቅኩት በላይ ከባድ ነው። ቀለበቱን ሲያጠልቅልኝ እጁ ሞቃት ነበር። ቆርበን በነጠላ አፌን ሸፍኜ ስወጣ እኚያ ነጭ ፀጉር ሴት ትዝ አሉኝ። ስሜን ሦስት ጊዜ የጠየቁኝ። ከሁለቱ የትኛው ነው ጋብቻችሁ ለሚለኝ ሰው፣ እኔ አንዱን ከሌላው አልነጥልም። እግዚአብሔር ፊት የቆምኩት በተክሊሉ ቀን ነው። በሕመሜ የሚያዝንልኝ ባል እንዳለኝ ያወቅኩት ግን ኮርት ነው።

ኮርት ልትፈርሙ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ለእናታችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ትቆጣ፣ ታልቅስ፣ ግን ትወቅ። እኔ አንድ ወር ዘግይቼ የወሰድኩባትን ቀን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም።

ባለፈው ኅዳር 20 በቪዲዮ ደወለች። «ነገ ጽዮን ናት፣ ዛሬ ግን የናንተ ነው» አለች። ቀኑን ይዛዋለች ብዬ አልጠበቅኩም። በአጋጣሚ ያንን ሹራብ ለብሼ ወጥ እየሠራሁ ነበር።

«ያ ነው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«እስቲ እጅጌውን አሳዪኝ።» ወደ ካሜራው አስጠጋሁት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ክሩ እየተተረተረ ነው፣ እንዳትጎትቺው» አለች። «የሚመጣ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ፣ እሰፋልሻለሁ።»