ወንበሩ አላስቀምጥ ሲል

ከፋብሪካ የሚመጣ የሞተር ሳይክል ወንበር ለሁሉም ተብሎ ስለሚሠራ ለማንም ልክ አይሆንም። ረዥሙም አጭሩም፣ ቀጭኑም ወፍራሙም ይቀመጥበታል ተብሎ ነው የሚቆረጠው። መልኩ ይታሰባል፣ ወጪው ይታሰባል፣ የአጭር ሰው እግር መሬት መድረሱ ይታሰባል። ለሰዓታት መቀመጥ የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የእኔም ከተማ ውስጥ ምንም አይለኝም ነበር። ረዥም መንገድ ላይ ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ አላስቀምጥ ይለኛል።

ወንበር ማማረጥ ከመጀመሬ በፊት የት የት እንደሚያመኝ መመዝገብ ጀመርኩ። ነዳጅ ለመቅዳት በቆምኩ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ቃል እጽፋለሁ። «ጭራ አጥንት»፣ «ጭን በውስጥ በኩል»፣ «ወገብ»። የሚያመው ቦታ ጥፋቱ የቱ ጋ እንዳለ ይጠቁማል። የመቀመጫ አጥንት ሲወጋ ወይ ስፖንጁ ሞቷል፣ ወይ ወንበሩ ጠቧል። ጭን በውስጥ በኩል ሲደነዝዝ አብዛኛውን ጊዜ የወንበሩ የፊት ጠርዝ ሰፊ ወይም ሹል ነው። (አንዳንዴ ደግሞ የጂንስ ስፌት ነው፤ ሱሪ ቀይሮ ማየት ምንም አያስወጣም።) ወደ ነዳጅ ታንከሩ እየተንሸራተታችሁ በየደቂቃው ወደ ኋላ የምትመለሱ ከሆነ ወንበሩ ወደ ፊት ያዘቀዝቃል ማለት ነው።

በየጉድጓዱ ወገብን የሚመታ ከሆነ ግን ወንበሩን ለጊዜው ተዉት። የኋላውን ሾክ አብዞርበር እዩ። ስትቀመጡበት መውረድ ከሚችለው ጠቅላላ ርቀት ሲሶ ገደማ ቢወርድ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሰመጠ ጉድጓድ ሲመጣ የሚሄድበት ቦታ ያጣል፤ ምቱን ጀርባ ይቀበለዋል። የእኔ ስፕሪንግ ላልቶ ነበር። ጠበቅ ሳደርገው «ወገብ» የሚለው ቃል ከስልኬ ላይ እየጠፋ መጣ። ይህን ሳያዩ ወንበር የሚገዙ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አዲሱንም ወንበር ያማርሩታል።

ቀጥሎ ልኬ ነው። ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ከዳሌ በታች ያሉ ሁለት አጥንቶች ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ማወቅ እዳው ገብስ ነው። ደረቅ ወንበር ላይ አንድ የካርቶን ቁራጭ አነጠፍኩ፤ ውስጡ ሞገድ ሞገድ የሆነውን ዓይነት። ጉልበቴ ከፍ እንዲል እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ፣ ሞተር ላይ እንደምሆነው ጎንበስ ብዬ ትንሽ ቆየሁበት። ስነሳ ካርቶኑ ላይ ምንም አይታይም። በጣት ሲዳበስ ግን ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉ። መሃላቸውን በእስክሪብቶ ነጥቤ ስለካው 13 ሴንቲ ሜትር መጣ። ከዚያ ሄጄ ሞተሩ ላይ የምቀመጥበትን ቦታ ለካሁ። ጠፍጣፋው ክፍል ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። አጥንቶቼ ያረፉት ወንበሩ ወደ ጎን መታጠፍ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ስፖንጁ ጥጥ ቢሆን እንኳ ምን ያደርግልኛል?

ብዙ ሰው ወንበር የሚመርጠው በአውራ ጣቱ ነው። ጫን ያደርግና «ለስላሳ ነው» ብሎ ይደሰታል። አውራ ጣት ግን የሰው ክብደት የለውም። ለስላሳ ስፖንጅ መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ከዚያ አጥንቱ ሰምጦ የታችኛውን ፕላስቲክ ያገኛል። በአጥንቱና በፕላስቲኩ መካከል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም በደንብ አይደርሰውም፤ መደንዘዙና ማቃጠሉ ከዚያ ነው። እምቅ ያለ፣ ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚሰጥ ስፖንጅ ክብደቱን ያሰፋዋል። እንደ ኮርቢን ያሉ አምራቾች በጠንካራ ወንበር የሚታወቁት ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለው ወንበር የመጀመሪያ ሰሞን ደረቅ ይሆናል፤ እየተነዳ ነው የሚገራው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ምንም አይነግራችሁም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ በሉበት፤ ባለ ሱቁ ቢሰለችም ይሰልች።

ጄል ያለበትንም አይቻለሁ። ንዝረት ይቀንሳል፤ ፀሐይ ላይ ከቆመ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ኤርሆክ የሚባለው የአየር ትራስ ሌላ ነገር ነው። ሐሳቡ የመጣው ዊልቸር ላይ ለሚውሉ ሰዎች ከተሠራ ትራስ ነው፤ እዚያ ሥራው ገላ በመቀመጥ ብዛት እንዳይቆስል መጠበቅ ነው። ከተበደርኩት ላይ እንዳየሁት ምስጢሩ አየሩ ላይ ነው። ሞልቶ ከተነፋ ሰው ያወዛውዛል። ከወንበሩ ለጥቂት ከፍ እስኪያደርጋችሁ ድረስ ብቻ አየሩን ስታስተነፍሱት ልኩን ያገኛል። ወንበር መቀየር ለማይፈልግ ሰው ይኼ ይበቃዋል እላለሁ። እኔ ግን መውረድ መውጣት ላይ ትራሱ መንሸራተቱን አልወደድኩትም።

ከማዘዜ በፊት አሮጌውን ወንበር መሞከሪያ አደረግኩት። የስፖርት ምንጣፍ ቆርጬ በየጎኑ በፕላስተር ለጠፍኩና ነዳሁት። መልኩ ያሳፍር ነበር፣ ግን ብዙ አሳየኝ። ወንበር ሲሰፋ እግር ይከፈታል፤ ከፍታው ሳይቀየር እንኳ መሬቱ ይርቃል። ወደ ኋላ ሲገፋ ደግሞ እጅ መሪው ላይ ለመድረስ ይንጠራራል። ወንበሩ፣ የእግር መርገጫውና መሪው የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ስትነኩ ሌላው ይናጋል። በመጨረሻ የመረጥኩት ከኋላ ሰፋ፣ ከፊት ጠበብ ያለውን፣ የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ምንም ስፌት የሌለውን ነው። ስፌት አጥንት ስር ከገባ ይቆረቁራል፤ ዝናብም ወደ ስፖንጁ የሚገባው በመርፌው ቀዳዳ ነው።

የጀርባ መደገፊያውን ለብቻው፣ ወንበሩ ከተገጠመ በኋላ ነው የመረጥኩት። ወንበሩ የምትቀመጡበትን ቦታ ስለሚቀይር አስቀድሞ የተለካ መደገፊያ ዋጋ የለውም። የእኔ ምርጫ ቀበቶ ከሚታሰርበት ከፍ ብሎ ታችኛውን ጀርባ ብቻ የሚነካ አጭሩ ነው። ረዥሙ ትከሻ ድረስ የሚደርሰው ፎቶ ላይ ያምራል፤ ሲነዱበት ግን ወደ ፊት ይገፋል። ደግሞ ስትለኩ የምትነዱበትን ጃኬት ልበሱ። የእኔ ጃኬት ከኋላ መከላከያ ስላለው ብቻ መደገፊያውን ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ። የሚታጠፍ መሆኑንም እዩ፤ የማይታጠፍ ከሆነ እግር አሻግሮ መውጣት ጂምናስቲክ ይሆናል።

አጠቃቀሙም አለው። ሙሉ በሙሉ ከተንጋለላችሁበት ወገብ ይጎብጥና ክብደቱ ጭራ አጥንት ላይ ያርፋል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ጀርባን ለጥቂት ማስነካት በቂ ነው። መንገዱ ሲበላሽ ከመደገፊያው ለቀቅ ብዬ መርገጫው ላይ ከፍ እላለሁ።

አገጣጠሙ ላይ አትቸኩሉ። ወንበሩ ከስሩ ባሉት የጎማ ማረፊያዎች ላይ እኩል ማረፉን፣ ቁልፉ መያዙን በሁለት እጅ ወደ ላይ ስባችሁ አረጋግጡ። የመደገፊያው እግር የሚታሰረው በብረት ላይ መሆን አለበት፤ በወንበሩ ፕላስቲክ ላይ ብቻ የታሰረ ውሎ አድሮ ይሰነጥቀዋል። ከመጀመሪያው ረዥም ጉዞ ስትመለሱ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። ከእኔ ሁለቱ ላልተው ነበር።