ሮም በሐምሌ ሙቀት፦ ለጡረተኛ ባልና ሚስት የአንድ ቀን ጉብኝት

በሐምሌና በነሐሴ የሮም የቀን ሙቀት በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፤ 37 እና 38 የሚገባባቸው ቀናትም አሉ። ዕድሜያቸው ከ65 ያለፈ ባልና ሚስት በዚህ ሙቀትም ከተማዋን በደንብ ማየት ይችላሉ፤ ቦታዎቹን በጥላቸው ቅደም ተከተል ካስያዟቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁርሱን ተዝናንቶ በልቶ 4 ሰዓት ላይ ከሆቴል ይወጣና፣ ጥላ በሌለው ፎረም (የጥንቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ) ውስጥ ልክ እኩለ ቀን ላይ ይገኛል። (ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ትኬት ላይ 8:30 ተብሎ የሚታተመው ጠዋት 2:30 ማለት ነው።)

ከሁሉ በፊት ማታውኑ የሙቀት ማስጠንቀቂያውን እዩ። የጣሊያን ጤና ሚኒስቴር በበጋ ወራት ሮምን ጨምሮ ለ27 ከተሞች ከ0 እስከ 3 ደረጃ ያወጣል። 2 ከሆነ አደጋው በተለይ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ነው። 3 ከሆነ ጤነኛውም ወጣት ይሰጋል፤ ያን ቀን ፎረሙን ከነጭራሹ ሰርዙት፤ አይቆጫችሁም።

ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ዘግይቶ ነው የሚሰማው፤ ላብም እንደ ድሮው ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ እስኪጠማችሁ አትጠብቁ። እያንዳንዳችሁ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ያዙና በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ ጠጡ። የልብ ድካም ኖሮበት ሐኪሙ የውሃ መጠን የወሰነለት ሰው ግን በወሰኑ ይሂድ። ለደም ግፊት የሚሰጥ፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሙቀት ላይ ግፊቱ ሊወርድና ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል፤ መጠኑን በራሱ ሳይቀንስ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር። ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በላይ ይበላሻል፤ ከበረዶ ጋር ተነካክቶ ከረጋም አይሠራም። በማቀዝቀዣ ቦርሳ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዝ።

የታሸገ ውሃ ደጋግሞ መግዛት አያስፈልግም። ሮም ውስጥ ናሶኒ የሚባሉ 2,500 ገደማ የመንገድ ቧንቧዎች አሉ፤ መተከል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ቁመታቸው አንድ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከብረት የተሠሩ ሲሆኑ ከጎናቸው እንደ አፍንጫ የታጠፈ ቱቦ ወጥቶ ውሃው ሌት ተቀን ይፈስሳል። ጎንበስ ማለት ለሚከብደው መላ አለው፦ የቱቦውን ጫፍ በጣት ድፍን ሲያደርጉት ውሃው በቱቦው አናት ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈነጥቃል፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ መጠጣት ይቻላል። ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ጫኑ፤ በኃይል ከተደፈነ ፊት ላይ ይረጫል። ውሃው የሚጠጣና ቀዝቃዛ ነው። የእጅ አንጓንና ማጅራትን ማርጠብም ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። «አኳ ኖን ፖታቢሌ» (የማይጠጣ ውሃ) የሚል ጽሑፍ ካለበት ምንጭ ግን አትጠጡ።

ልብሱ ሰፋ ያለ ጥጥ፣ ባርኔጣውም ጠርዙ ሰፊ ይሁን። ጃንጥላ ያዙ፤ ወረፋ ላይ የሚገኘው ጥላ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ነው። የመሀል ከተማው መንገድ ሳምፒየትሪኒ በሚባል ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ አናቱ ክብ፣ መጋጠሚያው ክፍት ስለሆነ ቀጭን ሶል ያለው ጫማ እግር ያሳምማል፣ ቁርጭምጭሚትም ይጠማዘዛል። እግር ደግሞ በሙቀት ከቀትር በኋላ ስለሚያብጥ፣ ጠዋት ልክክ ያለ ጫማ ማታ ይጠብባል። የተለመደና ለቀቅ ያለ ይሻላል።

ለጥንቱ የትግል መድረክ ለኮሎሲየም የጠዋት 2:30ን መግቢያ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ። ትኬቱ በስም ስለሆነ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ የመስታወት ጠርሙስና ትልልቅ ሻንጣ አያስገቡም። ደረጃው ቀጥ ያለና ከፍታው የማይመች ነው፤ ሊፍት ስላለ ጉልበት የሚያማችሁ ሠራተኞቹን ጠይቁ። ለእኛ ሰው ደግሞ ከዚያ በፊት የምትታይ አንዲት ቦታ አለች፦ ወደ ጥንቱ የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ ወደ ቺርኮ ማሲሞ አቅጣጫ 10 ደቂቃ ያህል ርቃ የምትገኘው ፖርታ ካፔና አደባባይ። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚያ ነው፤ በ2003 ተፈታትቶ በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ። አሁን መኪና የሚተራመስበት ገላጣ ስፍራ ስለሆነ በማለዳ እንጂ በቀትር አትሂዱበት።

ኮሎሲየምን በአንድ ሰዓት ተኩል ጨርሳችሁ ስትወጡ 4 ሰዓት ሆኗል። ትኬቱ ፎረሙንና ፓላቲኖ ኮረብታን ይጨምራል። እኔ የምመርጠው ፓላቲኖን ነው፤ አቀበቱ ቢያደክምም ላዩ ዛፍ አለው፣ ፎረሙም ከዚያ ቁልቁል ይታያል። የፎረሙ ነጭ ድንጋይ ፀሐይዋን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልሳት እዚያ ባርኔጣም ብዙ አይረዳም።

ከ5 ሰዓት በኋላ ከመሬት በታች ግቡ። ከኮሎሲየም ጥቂት ደቂቃ ርቆ ያለው የሳን ክሌሜንቴ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከሥሩ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ሥር ሚትራ የተባለው የጥንት አምላክ ተከታዮች መቅደስ አለ። የታችኛውን ቁፋሮ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1857 ዶሚኒካውያን የሚባሉት የአየርላንድ ካቶሊክ መነኮሳት ናቸው። ታች ስትደርሱ የሚፈስ ውሃ ድምፅ ይሰማል፤ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ለታችኛው ክፍል ትኬት ይቆረጣል። ደረጃው እርጥብ ስለሚሆን መደገፊያውን ያዙ፣ በላብ ገብታችሁ እንዳይበርዳችሁም ነጠላ ጣል አድርጉ። ነጠላው ሌላም ጥቅም አለው፦ ትከሻ ወይም ጉልበት ገልጦ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት አይፈቀድም። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከ6:30 ገደማ እስከ 10 ሰዓት ስለሚዘጉ «ቀትርን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናሳልፋለን» የሚለው ዕቅድ አይሠራም።

ከ7 እስከ 10:30 ሆቴል ነው። ቀለል ያለ፣ ጨው ያለው ምሳ ብሉ፤ ወይኑን ለማታ አቆዩት። ሆቴል ስትይዙ ኤሲና ሊፍት መኖሩን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ በጣሊያን ምድር ቤቱ ስለማይቆጠር «2ኛ ፎቅ» ከተባለ ከመሬት ሁለት ፎቅ ትወጣላችሁ።

በአውቶቡስና በሜትሮ በባንክ ካርድ መክፈል ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሆንም፣ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን አስነኩ። ወረቀት ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። ገዝታችሁ ማሽኑ ላይ ካላስመታችሁት እንዳልገዛችሁ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም ከ50 ዩሮ ይበልጣል።

ከ10:30 በኋላ ወደ ፓንቴዮን ሂዱ፤ ቤተ ክርስቲያን የሆነ የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ ነው። መግቢያው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በክፍያ ሆኗል። የጉልላቱ ስፋት 43 ሜትር ነው፤ መሀሉ ላይ ያለው 9 ሜትር ገደማ ክፍት ቀዳዳ መስታወት የለውም። ወለሉን ልብ ብላችሁ ብታዩ ወደ ዳር ያዘነበለ ነው፤ የሚገባው ዝናብ በትንንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሦስት የሠዓሊው ካራቫጆ ሥዕሎች በነፃ ይታያሉ። የትሬቪን የውሃ ፏፏቴ እያለፋችሁ እዩት፤ ሕዝብ ይበዛበታል። የስፔን ደረጃዎች ላይ ግን አትቀመጡ፤ ከ2019 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል።

አንዳችሁ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የእግር ቁርጠት ከጀመረው ጉብኝቱ ወዲያው ይቁም። ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ቆዳውን አርጥባችሁ አራግቡለት። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ወደ 112 ደውሉ፤ እስኪመጡ አንገቱንና ብብቱን አቀዝቅዙ፣ በግድ አታጠጡት። ከሁለታችሁ ማን እንደሚጠየቅ ስለማይታወቅ የመድኃኒቶቻችሁን ዝርዝር ሁለታችሁም ያዙ። መድኃኒት ቤት በአረንጓዴ መስቀል ይታወቃል፤ ነሐሴ 15 በፈረንጆቹ በዓል ስለሆነ ብዙው ዝግ ይሆናል፣ ከዋዜማው ግዙ።