የሱሉልታ ቁልቁለትና የውስጠኛው ሸራ

መኖሪያዬ ሱሉልታ ነው፣ ሥራዬ ፒያሳ። ጠዋት ጠዋት የእንጦጦን ጋራ ተሻግሬ በአዲሱ ገበያ በኩል ቁልቁል እወርዳለሁ። ሁለት ልጆቼ ከኋላ ይቀመጣሉ። መኪናዬ ቪትዝ ናት።

የፊት ፍሬን ሸራ ያስቀየርኩበት ጋራዥ «እስከ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር አታስቢ» ብሎኝ ነበር። አመንኩና ተውኩት። 19 ሺህ ላይ ስደርስ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከግራ ጎማ በኩል ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ወቅቱ ክረምት ስለነበር ዝናቡ ነው አልኩ። እርግጥ መኪና ዝናብ ላይ ሲያድር ዲስኩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውና ሸራዎቹ ከውስጥና ከውጪ ጨምቀው የሚያቆሙት የብረት ሳህን፣ ስስ ዝገት ይይዝና ጠዋት ትንሽ ይጮሃል። ግን ያኛው ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። የእኔው አልጠፋም። የስልኬን መብራት አብርቼ በቸርኬው ቀዳዳ አየሁ። ሸራው 5 ሚሊ ሜትር ያህል አለው። ደህና ነው ብዬ ተረጋጋሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲጥታው ቀረና ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ድምፅ መጣ። ፔዳሉ እግሬን ይነዝረኝ ጀመር። በዚያው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ከፊቴ የነበረ የጭነት መኪና በድንገት ቆመ። እኔም ቆምኩ፣ ግን መኪናዋ ወደ ቀኝ ጎትታኝ ነው የቆመችው። ልጆቹ ወሬያቸውን አላቋረጡም። እኔ ትምህርት ቤታቸው በር ላይ እስክደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰፈራችን አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጎማውን ፈቱና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ያየሽው የውጪውን ነው። ነይ የውስጡን እዪው።»

የውጪው ሸራ እንዳልኩት 5 ሚሊ ሜትር ነበረው። የውስጠኛው ግን ሙልጭ ብሎ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ዲስኩን እንደታረሰ መሬት ቦይ ቦይ አውጥቶበታል። ዲስኩም አብሮ ተቀየረ።

ምክንያቱን እዚያው ቆሜ ጠየቅኳቸው። ሸራዎቹን የሚይዘው ካሊፐር በሁለት ፒኖች፣ ማለትም በቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ ላይ ወዲህ ወዲያ መንሸራተት አለበት። በፍሬን ዘይት የሚገፋው ፒስተን የውስጡን ሸራ ወደ ዲስኩ ሲገፋ፣ ካሊፐሩ ተንሸራቶ የውጪውን ይስባል። የፒኖቹ ግራሶ ከደረቀና ጭቃና ዝገት ከያዛቸው ግን ካሊፐሩ ካለበት አይነቃነቅም። የውስጡ ሸራ ሥራውን ብቻውን ይሠራል፣ ብቻውንም ያልቃል። ያ ጋራዥ ሸራውን ሲቀይር ፒኖቹን አውጥቶ አልጠረጋቸውም። ሲጥ ሲል የሰነበተው ደግሞ ሸራው ላይ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ነበረች። ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ነው የተሠራችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጮሃልኛለች።

ከዚያ በኋላ ጋሼን ለምኜ ሥራውን ተማርኩ። ቦታው ደልዳላ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ይግባ። የጎማው ብሎኖች መኪናው መሬት ላይ እያለ ነው የሚላሉት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ግን በፍጹም አልገባም፣ ማንም እንዲገባም አልፈልግም። የተፈታውን ካሊፐር በፍሬን ዘይት ቱቦው ማንጠልጠል ቱቦውን ይጎዳዋል፣ በሽቦ አስረዋለሁ። ለፒኖቹ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ነው የሚያስፈልገው፣ ተራው ግራሶ የፒኖቹን የላስቲክ መሸፈኛዎች ያሳብጣል። ሸራው ፊት ላይ ጠብታ እንኳ እንዳይነካ። የአንዱ ጎን ብቻ ቢያልቅም የግራና የቀኙ አብረው ይቀየራሉ።

የፍሬን ዘይቱን ነገር አላውቅም ነበር። ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጪ ስለሚወጣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት ዝቅ ይላል። እኔ ደግሞ ጎደለ ብዬ ሞልቼው ነበር! ጋሼ ፒስተኑን ሲመልሱት ትርፉ ገንፍሎ ወጣ፣ ቀለም ስለሚበላም ቶሎ በውሃ አጠብነው። አሁን ዘይቱ ወርዶ ሳይ መጀመሪያ ሸራውን ነው የምመለከተው።

ሥራው እንዳለቀ ሞተር አስነስቶ መሄድ የለም። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለተገፋ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ጠንከር እስኪል ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ሱሉልታ ውስጥ ከግቢ ወጥቶ ቁልቁለት የሚጀምር ሰው ይህን አንድ ነገር እንዳይረሳ እለምናለሁ።

መቼ ይቀየር ለሚለው፣ ኪሎ ሜትር መቁጠሩን ትቻለሁ። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 3 ላይ ሲደርስ እቀይራለሁ። ሲለካ የጀርባው ብረት አይቆጠርም፣ መጀመሪያ እኔ አብሬ ቆጥሬው ነበር። በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ጎማ ፈትቼ አራቱንም የፊት ሸራዎች በማስመሪያ እለካለሁ። አዲሱ 10 ነበር። 5 ሺህ ላይ 8 ተኩል፣ 10 ሺህ ላይ 7 ሆነ። በዚህ አካሄድ 3 ላይ የሚደርሰው 23 ሺህ ገደማ ነው። ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው 40 ሺህ ምንም ላይመስለው ይችላል። የእኔ መንገድ ግን እንጦጦ ነው።

ልኬቱን የምጽፍበትን ደብተር ለጋሼ ሳሳያቸው አነዳዴን ጠየቁኝ። ቁልቁለቱን ሁሉ ፔዳሉ ላይ እግሬን ጣል አድርጌ እንደምወርድ ነገርኳቸው። አልወደዱትም። ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። በ60 የምትሄድ መኪና ለማቆም በ30 ከምትሄደው 4 እጥፍ ሙቀት ይወጣል። ሳይለቁ መያዝ ደግሞ ሸራውም ዲስኩም እንዳይበርዱ ያደርጋል። ሙቀቱ ሲበዛ የቆየ የፍሬን ዘይት ሊፈላ ይችላል፣ ያን ጊዜ ፔዳሉ ይሰምጣል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ እኔ በየ2 ዓመቱ አስቀይራለሁ። አሁን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ሞተሩ ይይዛታል። ፍሬን ስይዝ ጠበቅ አድርጌ ፍጥነቱን እቀንስና እለቃለሁ። ከኋላዬ ክላክስ የሚያደርግ አለ። ይለፍ።

15 ሺህ ላይ 6 ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ 20 ሺህ ሞላና እንደገና ለካሁ። ግራ የውስጡ 5፣ የውጪው 5። ቀኝ የውስጡ 5፣ የውጪው 5 ተኩል። ፒኖቹን በጣቴ ገፋ አደረግኳቸው፣ ያለችግር ተንሸራተቱ።