ቡላ የለመደችው ሣጥን

ቡላን ወደ ቤቴ ያመጣኋት በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ ባሕር ዳር ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት አድሮ የሐይቁ ዳር መንገድ ጭቃ በሚሆንበት ሰሞን ነው። ሁለት ወር ገደማ የሆናት፣ አመድማ ጠጉር ያላት የድመት ግልገል ነበረች። የምኖረው ሽምብጥ፣ በአንድ ግቢ ፎቅ ላይ በተከራየሁት ቤት ሲሆን፣ ማታ ማታ በግቢው ውሻ ስለሚፈታ እንደ እናቴ ቤት ድመቶች በሩን ከፍቼ ወደ ጓሮ ልለቃት አልችልም ነበር። ስለዚህ መጸዳጃዋን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ነበረብኝ።

ድመት ዓይነ ምድሯን መቅበርን ከሰው አትማርም። የቤት ድመት የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ልቅ አፈር ወይም አሸዋ ባገኘች ጊዜም በራሷ ፈቃድ ትቆፍራለች። እናቴ ማለዳ ማለዳ የምድጃዋ አመድ ተቆፍሮ ስታገኘው የምትቆጣው በዚሁ ምክንያት ነበር። እኔም የሃያ ሊትር ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቄ፣ ግልገሏ ያለ ችግር እንድትገባ አንዱን ጠርዝ ዝቅ አድርጌ ቆረጥሁና የተነፋ የግንባታ አሸዋ አራት ጣት ያህል ሞላሁበት፤ የመጸዳጃ ሣጥኗ ይኸው ሆነ። ከእንቅልፏ ስትነቃና በልታ ስትጨርስ አንሥቼ አሸዋው ላይ አኖራት ነበር። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳያነሣት ሄደች።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ከበሩ ጀርባ መሽናት ጀመረች። አከራዬ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ «ልጄ፣ አፍንጫዋን እዚያው ላይ አሽተህ ልቀቃት፤ ሁለተኛ አይለምዳትም» አሉኝ። በልጅነታችን ብዙዎቻችን ይህ ሲደረግ አይተናል፤ እኔ ግን አላደረግሁትም። ድመት ከቆይታ በኋላ የመጣባትን ቅጣት ከሠራችው ሥራ ጋር አታገናኘውም፤ የምትማረው ሰውየውን መፍራትና ተደብቃ መጸዳዳትን ብቻ ነው። ከሣጥኗ የወጣች ድመት ሣጥኑ አንድ የጎደለው ነገር እንዳለ እየተናገረች ነውና ጉድለቱን ፈልጎ ማግኘት የባለቤቱ ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስፈልግም ጥፋቱን ሁሉ የራሴ ሆኖ አገኘሁት። ቤት ሳጸዳ ሣጥኑን ከማዕዘኑ አንሥቼ የቀረሶ ዓሣ ጭንቅላትና አንጀት ከምሰጣት ሳህን አጠገብ አስቀምጬው ነበር፤ ድመት ደግሞ ከምትበላበት ቦታ አጠገብ መጸዳዳት አትወድም። አሸዋውም ከመስኮቱ በሚገባው ዝናብ ርሶ ከብዷል። ከሁሉ የከፋው ግን የሸናችበትን ወለል በበረኪና ማጠቤ ነው፤ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ በሳሙና አጥበዋለሁ፣ በመጨረሻም አቼቶ በውኃ በጥብጬ እወለውለዋለሁ። ሽታው ለእኛ አፍንጫ ቢጠፋም ለእርሷ ካልጠፋ ተመልሳ ወደዚያው ትሄዳለች።

አሸዋው በክረምት አልደርቅ ስላለኝ ከእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ አመጣሁ። በአንድ ጊዜ ብለውጠው እንዳትሸሸው በየቀኑ አንድ እፍኝ እየጨመርሁ በአሥር ቀን ውስጥ አላመድኋት፤ ደቃቁ ብናኝ ያስነጥሳት ስለነበር አስቀድሜ እነፋዋለሁ። አመድ እንድጠቀም የመከሩኝም ነበሩ፤ ነገር ግን አመድ ሲርስ ቆዳን የሚያቃጥል ስለሚሆንና ድመት መዳፏን ስለምትልስ ተውሁት።

ታላቅ እህቴ በዚያ ጊዜ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ቡላን ፈርታ ወደ ቤቴ መምጣት አቁማ ነበር። የፈራችው ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ተውሳክ ነው፤ ፍርሃቷም መሠረት ነበረው፣ ተውሳኩ ፅንስን ይጎዳልና። ይሁን እንጂ በድመት ዓይነ ምድር የሚወጣው የተውሳኩ ዘር ሰውን ሊይዝ የሚችለው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ ሣጥኑን በየዕለቱ ማጽዳት አደጋውን እጅግ ይቀንሰዋል። ጽዳቱን ደግሞ እርሷ ሳትሆን እኔ በጓንት እንደማደርገው ነገርኋት፤ ተውሳኩ በጥሬ ሥጋም ስለሚተላለፍ እስክትወልድ ድረስ ጥሬ ሥጋ እንድትተው አደራ አልኋት። በሳምንቱ መጥታ ቡና ጠጣን።

ወንድ ድመት ያላችሁ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ሣጥኑ ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ የሚያምጥና ሽንት ጠብ የማይለው ድመት ሣጥኑን ጠልቶ አይደለም፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።