በሩንስ ማን ዘጋው?

የምሠራው ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ፣ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው። የሌሊት ፈረቃ። ባለፈው ክረምት የፎርክሊፍት ባትሪ ቻርጅ በሚደረግበት ክፍል አንድ ባትሪ መጨስ ጀመረ። ጭሱ ባንድ አፍታ የኋላውን ክፍል ሞላው። እዚያ ዕቃ የሚያሽጉ አንድ ያገራችን ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወደ አደጋ ጊዜ መውጫው ሮጠው በሩን ገፉት። ንቅንቅ አላለም። የበረዶ መጥረጊያው መኪና በረዶውን ከውጭ በሩ ላይ ከምሮት፣ ቅዝቃዜው አጠንክሮት ነበር። አንድ ወጣት ፊሊፒናዊ ባልደረባችን በጃኬቱ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ጭሱ ውስጥ ገባና እጃቸውን ይዞ አወጣቸው።

በሳምንቱ ተሰበሰብን። ኬክ ተቆረሰ፤ ለልጁ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ይገባዋል፤ ከዚያም በላይ ይገባዋል። ሥራ አስኪያጁ የከተማው ተወላጅ ነውና "አንተ የእኛ ማይናርስኪ ነህ" አለው። ሰዉ አጨበጨበ። ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ልጁን እግዜር ይባርክልኝ። በሩን ግን ማን ነው የዘጋው?" አሉኝ።

አንድሩ ማይናርስኪ የዊኒፔግ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከፖላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። እሱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የቆዳ ሠራተኛ ነበር። ዛሬ በከተማችን በስሙ የተሰየመ ትምህርት ቤት አለ። በ1941 እ.ኤ.አ. የካናዳን አየር ኃይል ተቀላቀለ፤ ከዚያም ላንካስተር በሚባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ መትረየስ ተኳሽ ሆነ። የሱ ቦታ የአውሮፕላኑ ጀርባ ላይ ነበር። ጓደኛው ፓት ብሮፊ ደግሞ ጭራው ላይ፣ ለብቻው በምትሽከረከር ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል።

ጁን 12 ለ13 አጥቢያ፣ 1944። ሰሜን ፈረንሳይ የምትገኘውን የካምብሬን የባቡር ጣቢያ ሊደበድቡ ሄዱ። የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን መታቸው። የግራ ክንፍ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ፤ ክንፉና የአውሮፕላኑ ውስጥ በእሳት ተያያዘ። አብራሪው ዝለሉ ብሎ አዘዘ። ማይናርስኪ ወደ በሩ ሲሄድ ብሮፊ ክፍሉ ውስጥ እንደተቀረቀረ አየ። ለመውጣት ክፍሏ መዞር አለባት፤ የምትዞረውም በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት ነው፤ ሃይድሮሊኩ ደግሞ ተበጥሷል። ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተሠራ የእጅ ማዞሪያ ነበር። እሱም ብሮፊ ለመውጣት ሲታገል ተሰበረ።

ማይናርስኪ በእሳቱ መሃል በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ ሄደ። በመጥረቢያ ሞከረ፤ አልሆነም። በባዶ እጁ ሞከረ። ልብሱና ፓራሹቱ እየነደዱ ነው። ብሮፊ ተወኝ፣ ሂድ ብሎ በእጁ አመለከተው። ማይናርስኪ ጀርባውን ሳይሰጥ ወደኋላ እየዳኸ ተመለሰ፣ በሩ ጋ ቆሞ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠውና ዘለለ። መሬት ሲደርስ በሕይወት ነበር፤ ግን ቃጠሎው ገደለው። 27 ዓመቱ ነበር። ብሮፊ አውሮፕላኑ ሲከሰከስ ተወርውሮ ወጥቶ ተረፈ። ሌሎቹ አምስቱም ተረፉ። ታሪኩን መናገር የሚችለው ብሮፊ ብቻ ነበር። ማይናርስኪ ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ትልቁን ሜዳሊያ የተሸለመው በ1946 ነው።

ይህንን ሳነብ የጋሼ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ያቺ ማዞሪያ ባትሰበርስ?

ይህን የጠየቀ ሰው በጊዜውም ነበር። ፍሪማን ዳይሰን፣ በኋላ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው፣ ያኔ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ኃይል ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ቁጥር የሚመረምር ወጣት ነበር። በቀን ከሚመቱ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ግማሽ ያህሉ ሠራተኛ ዘልሎ ያመልጣል። ሃሊፋክስ ከሚባለው ሌላው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ 25 በመቶ። ከላንካስተር ግን 15 በመቶ ብቻ። ምክንያቱን ሲፈልጉ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ያለውን መውጫ አገኙ። የላንካስተሩ ስፋት 56 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ የሃሊፋክሱ 61። አምስት ሳንቲሜትር! ወፍራም ልብስና ፓራሹት ለለበሰ ሰው፣ በጨለማ፣ በሚወድቅ አውሮፕላን ውስጥ፣ ይህ ልዩነት ነፍስ ነው። የዳይሰን ባልደረባ መውጫው እንዲሰፋ ሁለት ዓመት ጮኸ። እሺ ሲባል ጦርነቱ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ከ125,000 ገደማ የቦምብ ጣይ ኃይሉ በራሪዎች 55,573 ሞተዋል። እኔን ያናደደኝ ሜዳሊያ የሚሰጠውና መውጫውን የማያሰፋው መንግሥት አንድ መሆኑ ነው።

እኔ የደህንነት ኮሚቴው ውስጥ የሠራተኛው ተወካይ ነኝ። (እዚህ ማኒቶባ ክፍለ ሀገር ለምትሠሩ ወገኖች፦ 20 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለበት መሥሪያ ቤት ይህ ኮሚቴ በሕግ ግዴታ ነው። አደገኛ ሥራ አልሠራም የማለት መብትም አላችሁ። ብዙ ሰው እባረራለሁ ብሎ ስለሚፈራ ነው የምጽፈው።) ጉዳዩን ሳነሳ ሥራ አስኪያጁ ደስ አላለውም። የልጁን ጀግንነት የምናሳንስ መሰለው። የላንካስተሩን መውጫ ነገር ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ልጁ ራሱ፣ ብዙ የማይናገረው ልጅ፣ እጁን አወጣ። "ሁለተኛ እንደዚያ መግባት አልፈልግም። በሩን ክፈቱልን" አለ።

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። አሁን በየፈረቃው መጀመሪያ አንድ ሰው የኋላውን በር እስከ ውጭ ድረስ ከፍቶ ያያል፣ ይፈርማል። የበረዶ ጠራጊው ድርጅትም በዚያ በኩል እንዳይከምር በጽሑፍ ተነግሮታል። የባትሪው ክፍል የጭስ ማስወጫ ግን እስካሁን አልተሠራም፤ በጀት የለም ተብሏል። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዤዋለሁ፤ ጋሼም ገብቼ እናገራለሁ ብለዋል።