ጅማ ላይ የሚራመዱ ፕሮቲኖችን ስናይ

ጅማ የሄድኩት ጓደኛዬ ስለጠራኝ ነው። እዚያ ባዮሎጂ ያስተምራል። ደወለና "ተማሪዎቼ ሞለኪውላዊ ሞተር የሚባለውን ነገር በስላይድ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ነይ እስቲ፣ ባለን ማይክሮስኮፕ የሆነ ነገር እናሳያቸው" አለኝ። በዚህ ጉዳይ ሰው ሲጠራኝ ሁለቴ አላስብም። ላፕቶፔንና ቪዲዮ የሞላሁበትን ፍላሽ ይዤ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶና ወልቂጤ ካለፉ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ እዚያ ሲደረስ ሁሉም ጃኬቱን ያወልቃል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ፋርማሲ የሚማር ነው፣ ከእረፍት እየተመለሰ። ምን ልሠራ እንደምሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት። "እሺ፣ ግን ምን ይጠቅማል?" አለኝ፣ በቅንነት ነው የጠየቀው። ከግቤ ድልድይ እስከ ሰኮሩ ያለውን ዳገት በሙሉ ለእሱ ሳስረዳ ነው የጨረስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በህዋሳችን ውስጥ ማይክሮቱቡል የሚባሉ ቱቦዎች ተዘርግተዋል፣ ውፍረታቸው 25 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ሞለኪውላዊ ሞተር ከሚባሉት ፕሮቲኖች አንዱ ኪነሲን ነው፤ በእነዚህ ቱቦዎች ላይ ልክ እንደ መርካቶ ተሸካሚ ጭነቱን ይዞ ሁለት እግሮቹን እያፈራረቀ ይራመዳል። አንድ እርምጃው 8 ናኖሜትር ነው፤ ለእያንዳንዷ እርምጃ አንድ ኤቲፒ፣ ማለትም የህዋስ ነዳጅ የሆነውን ሞለኪውል፣ ያቃጥላል። በሰከንድ 100 እርምጃ ያህል ይሄዳል። ዳይኒን የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ህዋሱ መሀል ይጓዛል። ማዮሲን ሌላ መንገድ አለው፣ አክቲን የሚባለው ክር። ጡንቻችን የሚኮማተረው በእሱ ነው።

ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ከአከርካሪ ተነስቶ እስከ እግር ጣት የሚደርስ ነርቭ አለን፤ አንድ ህዋስ ሆኖ ርዝመቱ ግን አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አብዛኛው ፕሮቲን የሚሠራው ከላይ፣ የህዋሱ አካል ዘንድ ነው። ጭነቱ እንዲሁ እየተንሳፈፈ ይድረስ ቢባል የሰው እድሜ አይበቃውም። በሞተር ግን በቀን እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ጭነት አለ። ልጁ ትንሽ አሰበና "እና ሞተሩ ቢበላሽ እግር ነው ቀድሞ የሚጎዳው ማለት ነው" አለ። በትክክል! ኪፍ5ኤ (KIF5A) በሚባለው የኪነሲን ጂን ላይ የሚመጣ ለውጥ እግርን ቀስ በቀስ የሚያገትርና የሚያደክም የዘር በሽታ ያመጣል። ልጁ ይህን ከማንም ሳይሰማ ነው በራሱ የደረሰበት።

ጅማ ከሰዓት በኋላ ገባን። ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየሁ፤ በረንዳው ላይ ያለው የእንጨት ሥራ ብቻውን ጉዞውን ያስረሳል። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም።

በማግስቱ ላብራቶሪ ገባን። ተማሪዎቹ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የምናመጣ ሳይመስላቸው አልቀረም። ያመጣነው ቀይ ሽንኩርት ነው። የሽንኩርቱን የውስጥ ስስ ሽፋን ላጥነው፣ ጠብታ ውሃ ላይ አነጠፍነው፣ ከላይ ሸፈንነው። በተራ ማይክሮስኮፕ ብርሃኑን ቀነስ አድርገው ትኩር ብለው ሲያዩ በህዋሱ ዳርና በመሀል በሚያቋርጡት ክሮች ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ይሄዳሉ። ቆም ይላሉ፣ አቅጣጫ ይቀይራሉ፣ እንደገና ይፈጥናሉ። ያንን የሚያንቀሳቅሰው ማዮሲን ነው። አንዷ ተማሪ ዓይኗን ከሌንሱ ሳታነሳ "ይሄ ሁሉ ወጥ ውስጥ የምንከተው ሽንኩርት ውስጥ ነበር?" አለች። ክፍሉ ከዚያ በኋላ ጸጥ አላለም።

ስልክ ሌንሱ ላይ ደግነን ቀረጽን። ቪዲዮውን ፊጂ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ከፈትነው። በነጥቡ መንገድ ላይ መስመር ይሰመራል፣ ከዚያ ሶፍትዌሩ ጊዜን በአንድ በኩል፣ ርቀትን በሌላ በኩል አድርጎ ካይሞግራፍ የሚባል ምስል ያወጣል። የተጋደመው መስመር ቁልቁለት ፍጥነቱ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ የሞተር ላብራቶሪዎችም በየቀኑ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ካሜራቸውና ናሙናቸው ነው። የእኛ ልጆች በሰከንድ ጥቂት ማይክሮሜትር አገኙ፣ የሚጠበቀውም እሱ ነው።

ከአዌቱ ወንዝ ዳር የተቀዳ ውሃም ነበረን። ውስጡ ፓራሚሲየም የሚባል ባለ አንድ ህዋስ ፍጡር ሞልቷል። የሚዋኝበት ፀጉር በዳይኒን ነው የሚወዛወዝ። ዳይኒን መጀመሪያ የተገኘው በ1960ዎቹ ኢያን ጊቦንስ በሚባል ሳይንቲስት ነው፣ እሱም ቴትራሂሜና ከሚባል የዚሁ ዓይነት የውሃ ፍጡር። ተመሳሳይ ፀጉር በእኛም መተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ አለ። በ1976 አፍዜሊየስ የሚባል ስዊድናዊ፣ ሳል የማይለቃቸውና ልባቸው በቀኝ በኩል ያለ አንዳንድ ሰዎች ፀጉራቸው ላይ የዳይኒን ክንድ እንደሌላቸው አሳየ።

ከሰዓት ግቢው አጠገብ ቡና ልንጠጣ ወጣን። ጅማ ሆኖ ቡናው እንዴት ነው ማለት አያስፈልግም። ተማሪዎቹ ስለ እብድ ውሻ በሽታ እያወሩ ነበር፤ ቫይረሱ ከንክሻው ቦታ ነርቭ ውስጥ ገብቶ፣ ወደ መሀል በሚሄደው ሞተር ተጭኖ ወደ አንጎል እንደሚወጣ። ቡና የምታፈላው ሴትዮ ጀበናውን አስቀመጠች።

"የእህቴ ልጅ በሱ ነው የሞተው" አለች። "እግሩን ነው የነከሰው። ቁስሉ ድኖ ነበር እኮ። ከሁለት ወር በላይ ሲጫወት ከርሞ ነው። የት ተደብቆ ነው የቆየው ልጄ?"

ጥያቄው ለእኔ ነበር፤ የመለሰችው ግን ያቺ የሽንኩርቷ ተማሪ ናት። "እትዬ፣ መጀመሪያ ሥጋው ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ነርቭ ውስጥ ይገባና በቀን 5፣ 10 ሳንቲም ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። እስከዚያ ሰውየው ምንም አይሰማውም።" ሴትዮዋ ዝም ብላ ሰማች። ጓደኛዬ ቀስ ብሎ ጨመረ፣ ውሻ የነከሰው ሰው ወዲያውኑ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ያኔውኑ ለክትባት መሄድ እንዳለበት፣ ቁስሉ ድኗል ብሎ መተው እንደማይገባ፣ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ግን ማዳን የማይቻል ያህል እንደሆነ። "ለሰፈሩ ሰው እነግራለሁ" አለች።

አንዱ ተማሪ ታዲያ ሞተሩን በመድኃኒት ለምን አናቆመውም አለ። ችግሩ ነርቩ ራሱም የሚኖረው በዚያው ሞተር መሆኑ ነው። ቪንክሪስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት የሞተሩን መንገድ፣ ማይክሮቱቡልን፣ ይነካል፤ ብዙ ታካሚዎች ላይ እጅና እግር የሚያደነዝዘውም ለዚህ ነው። የሚያስፈልገው መንገዱን ሳይነኩ ቫይረሱን ብቻ ከሞተሩ ላይ ማውረድ ነው። እንዴት? ይሄ የምርምር ጥያቄ ነው፣ ለዚያውም እዚህ አገር ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ።

ከዚያ ወሬው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ሄደ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ አብዛኛው የአንድ በሽታ "ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች" ነው። ጥናቱ ያስፈልጋል፣ አልቃወምም። ግን ልጆቹ የሚመርጡት ወድደው ብቻ አይደለም፤ ኬሚካል በዶላር ይገዛል፣ ጉምሩክ ይቆያል፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ይበላሻል። አንድ ልጅ በግልጽ "ውጭ ካልወጣሁ ህዋስ ላይ መሥራት አልችልም" አለኝ።

እኔ አልስማማም፣ ነገርኩትም። ኪነሲን የተገኘው በ1985 ነው፤ ከአግኚዎቹ አንዱ ሮናልድ ቬል ያኔ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበር። እሱና ባልደረባው ካሊፎርኒያ ላይ ስኩዊድ በሚባለው የባህር ፍጡር ወፍራም ነርቭ ሊሠሩ አስበው፣ በ1983 ኤልኒኞ ስኩዊዱን ስላጠፋባቸው ነው ወደ ምሥራቅ አሜሪካ፣ ዉድስ ሆል ወደሚባለው የባህር ምርምር ቦታ የሄዱት። እግር የማፈራረቁን ነገር በ2004 ያሳየው አህመት ይልዲዝ ቱርክ ውስጥ ፊዚክስ ተምሮ የወጣ ልጅ ነው፣ እሱም ያኔ ተማሪ ነበር። እርግጥ ሁለቱም የሠሩት ጥሩ መሣሪያ ባለበት ነው፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን ምስል መተንተን፣ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ፣ ካይሞግራፍ ማንበብ ጅማ ተቀምጦ ይለመዳል፤ ለፒኤችዲ ሲያመለክቱም "ይህን ለካሁ" ማለት ከማርክ በላይ ይናገራል። ቬል በ2006 የመሠረተው አይባዮሎጂ የሚባል ድረ ገጽ ላይም የሳይንቲስቶች ትምህርት በነጻ አለ፤ ፍላሼ ላይ የነበረውም እሱ ነው፣ ሁሉም ገለበጡት።

ወባም አለ። ትንኟ ቆዳ ውስጥ የምትተወው የወባ ተውሳክ ወደ ደም ሥር የሚንሸራተተው በራሱ ማዮሲን ነው። ከጊልገል ግቤ ግድብ ዙሪያ የወባ ጥናት ሲሠራ ቆይቷል፤ ይህን ጥያቄ ከዚያ ጋር የሚያገናኝ ልጅ ከጅማ ቢወጣ አይገርመኝም።

የሽንኩርቷ ተማሪ አሁን ሙቀት ሲቀየር ፍጥነቱ እንዴት እንደሚቀየር እየለካች ነው። ጓደኛዬ አንድ ጠረጴዛ ለቆላታል። የጎደላት የማይክሮስኮፕ መለኪያ ስላይድና ስልኩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ነገር ነው፣ እሱን እያፈላለግን ነው። ውጭ አገር በሞተር ላብራቶሪ የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ ሞተር ሲሄድ የሚያሳይ፣ ምንም ያልተቀነባበረ ቪዲዮ፣ ለእናንተ ያረጀም ቢሆን፣ ላኩልን። አንድ ፒክስል ስንት ናኖሜትር እንደሆነና በሁለት ፍሬም መካከል ስንት ሚሊ ሰከንድ እንዳለ አብራችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ልጆቹ ምንም ሊለኩበት አይችሉም።